ጎመን የሌለበት ጥቅል

በክረምቱ መግቢያ፣ አንድ እሑድ ማታ፣ ደብረ ሲና ላለችው አክስቴ ደወልኩላት። ሰላምታው ተዳረሰ፤ የጉልበቷ ሕመም ተነሣ፤ የዝናቡ መዘግየት ተወሳ፤ ለሞተው ነፍስ ይማር፣ ለተወለደው ይደግ ተባለ። ከዚያ ወሬ አለቀ። ወሬው ቢያልቅም እኔ ስልኩን አልዘጋ አልኩ። ሁለታችንም ትንፋሽ ለትንፋሽ ስንደማመጥ ጥቂት ቆየንና፣

«አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ እታለም።»

«የደበቅኸኝ ነገር የለም?»

«ኧረ ምንም የለም!»

«ታዲያ ምነው አትዘጋም? ገንዘብህ አለቀ እኮ!»

«ግድ የለሽም፣ ጥቅል ገዝቻለሁ።»

ዝም አለች። በመጨረሻ፣ «እዚያስ ስንት ገባ?» አለችኝ። «እዚህ እንኳ ጾሙ ከገባ ወዲህ አይቀመስም።»

ጎመኑን ነው የምትለው። አልፈረድኩባትም። ጥቅል ድሮም ጉሊት ላይ የሚቆለል፣ ከድንችና ከካሮት ጋር ተከትፎ የሚበላ ነገር ነው። ስልክ ውስጥ የገባው አሁን ነው።

«ጎመን አይደለም እታለም። የስልክ ደቂቃ ነው። አስቀድሜ በጅምላ ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ።»

«ደቂቃ ይገዛል?»

«ይገዛል።»

«ሳታወራበት ብትቀርስ?»

«ወሩ ሲሞላ ይጠፋል።»

«ማን ይወስደዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ለእሷ ያልነገርኳት ሌላም ነገር ነበር። በዚያ ማታ 74 ደቂቃ ተርፎኝ፣ ሌሊቱ ሳይጋመስ ሊጠፋብኝ ሆኖ ነው የደወልኩት። ምነው ደወልክ ስትለኝ ግን «ናፍቀሽኝ ነው» ነበር ያልኳት። መናፈቁስ ናፍቃኝ ነበር። ቀኑንና ሰዓቱን የመረጠልኝ ጥቅሉ ነው እንጂ።

እስቲ ስለዚሁ ጥቅል እናውራ። ጎመኑን ስትገዛ ወግ አለው። ከመደቡ ታነሣለህ፣ በመዳፍህ ትመዝናለህ፣ በአውራ ጣትህ ጫን ታደርገዋለህ። ጠንከር ካለ ውስጡ ሞልቷል። ልል ከሆነ ቅጠሉ ነፋስ አቅፎ ነው የተቀመጠው። ባለጉሊቷም «ይሄማ ድንጋይ ነው፣ ጫን በለው እስቲ» ትልሃለች። የስልኩን ጥቅል በየት በኩል ትጫነዋለህ? የምታየው ስሙንና ዋጋውን ነው። ስሙ ደግሞ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ቀጫጫ ጥቅል የሚባል እስካሁን አልገጠመኝም።

ግዢው በኮከብ ይጀምርና በመሰላል ያልቃል። እነዚያን ሁለት ምልክቶች ኮከብና መሰላል ብሎ የሰየማቸው ሰው ነገር ያውቃል። ሰው ኮከብ አይቶ ይመኛል፤ መሰላሉን ሲወጣ ግን የሚያገኘው ዝርዝር ነው። ለድምፅ 1ን ይጫኑ፣ ለኢንተርኔት 2ን፣ ለድምፅና ለኢንተርኔት 3ን፣ ለመልእክት 4ን። አንዱን ስትጫን ደግሞ ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ። ወርሃዊ ስትል አምስት ስድስት ዓይነት። የመጨረሻው ቁጥር «ቀጣይ» ነው፤ ከቀጣዩ ጀርባ ሌላ ዝርዝር አለ። እኔ መነጽሬን ልፈልግ ስነሣ ዝርዝሩ ሁሉ ጠፋና ስልኩ ባዶ ፊቱን አሳየኝ። እንደገና ኮከብ፣ እንደገና መሰላል። በዚህ ዓይነት ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስት ጊዜ ወረድኩ። በአራተኛው ወደ ሰፈራችን ሱቅ ሄድኩ።

ባለሱቁ ጨዋ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ለድምፅ ነው ለዳታ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። አንተ ምን ትመክረኛለህ?»

ይህን ጥያቄ ሱቅ በር ላይ መጠየቅ አልነበረብኝም። ዳቦ ልትገዛ የቆመች ልጅ ቀደመችው። ድምፅ ምን ያደርጋል፣ ዳታ ብቻ ገዝተው በቴሌግራም ይደውሉ አለች። የታክሲ ሹፌሩ በዚያ አልተስማማም፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰፈር በቴሌግራም መደወል ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደመጣራት ነው አለ። የግቢው ጥበቃ ሁለቱንም ናቃቸው። «ጋሼ፣ እኔ በ10 ብር ካርድ ወር እደርሳለሁ። ደውዬ እዘጋለሁ፤ የፈለገኝ መልሶ ይደውላል።» አንዲት እናት ደግሞ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «የሚደውልልህ ልጅ ውጭ አገር የለህም ወይ?» ብለው ከጥቅሎች ሁሉ የሚበልጠውን ጥቅል ጠቀሱልኝ።

የጥበቃው ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሚስኮል በአገራችን ራሱን የቻለ ቋንቋ ነበር። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ «ደርሻለሁ» ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ «በር ላይ ነኝ፣ ውጣ» ነው። ደጋግሞ ከጠራ «አንሣው፣ የምር ነው» ማለት ነው። ፍቅረኞች ከመተኛታቸው በፊት አንዳንድ ሚስኮል ይለዋወጡ ነበር፤ ደህና እደሪ፣ ደህና እደር መሆኑ ነው። ስህተቱ ሌላኛው ወገን ፈጥኖ ሲያነሣ ነው። ያኔ ሂሳብ ይቆጥራል፤ ደዋዩም «ምን አስቸኮለህ!» ብሎ ይቆጣል። ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ ይህን ዓመላችንን አይቶ መሰለኝ፣ ሂሳብ የሌለው ሰው ኮከብ 807 ኮከብ ብሎ፣ የሚፈልገውን ስልክ አስከትሎ፣ በመሰላል ሲዘጋ «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት የሚደርስበትን አገልግሎት አመጣ። ሚስኮል የጨዋ ልብስ ለበሰ ማለት ነው።

ያን ያህል የተሰሰተው ያለ ነገር አልነበረም። ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲም ካርድ ራሱ በምዝገባና በወረፋ የሚገኝ፣ ያገኘውም ሰው በወገቡ ታጥቆ የሚዞርበት ክብር ነበር። የአንድ ደቂቃ ንግግር 83 ሳንቲም በነበረበት ዘመን ሰው የሚያወራውን በልቡ አዘጋጅቶ ነበር የሚደውለው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ታሪፉ 40 ከመቶ ወርዶ ደቂቃው 50 ሳንቲም ሲገባ አፋችን ተፈታ። ከተፈታም ወዲህ አልታሰረም።

አክስቴ ግን የተማረችበት ትምህርት ቤት ከዚህም ይጠብቃል። በወጣትነቷ ስልክ ማለት ቴሌ ቢሮ ሄዶ፣ ቁጥሩን ጽፎ ሰጥቶ፣ ገንዘብ አስይዞ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተኮልኩሎ መጠበቅ ነበር። «አዲስ አበባ! ሁለት ቁጥር ግቡ!» ሲባል ሮጠህ ትገባለህ። ሳጥን በሚያህል ክፍል ውስጥ ቆመህ ትጮሃለህ፤ ውጭ የተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ የቤትህን ጉዳይ ይሰማል። ወሬው ሳይሞቅ መሐል ላይ «ሦስት ደቂቃ!» ይባላል። አክስቴ ሁሉን ነገር በሦስት ደቂቃ መጨረስ የለመደችው እዚያ ነው። አፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ስልክ ሲያስገቡና የአዲስ አበባ–ሐረሩ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ሲዘረጋ፣ ሰው በሽቦ ውስጥ የሚያወራው ምን ዓይነት መንፈስ ነው ብሎ ደንግጦ ነበር ይባላል። አክስቴ መንፈሱን አትፈራም፤ የምትፈራው ቆጣሪውን ነው።

ዛሬም ስትደውልልኝ የሴኮንድ ሩጫ የምትወዳደር ነው የምትመስለው። «ደኅና ናችሁ? ልጆቹስ? እኔ ደኅና ነኝ። ጤፉን በእገሌ መኪና ልኬዋለሁ፣ ነገ ስድስት ሰዓት መናኸሪያ ጠብቅ። ጆንያው አፉ በቀይ ክር ነው የተሰፋው። በል ቻው።» ይሄ ሁሉ 25 ሴኮንድ አይፈጅም። ጥቅል ገዝታ አታውቅም። የ10 ብር ካርድ ትገዛለች፤ ሽፋኑን በሳንቲም ሳይሆን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ ትፍቀዋለች፤ ቁጥሩን በጎረቤት ልጅ ታስሞላለች፤ ከዚያ ካርዱን አጥፋ ከመሶቡ ሥር ታስቀምጠዋለች። ተሞልቶ ያለቀ ካርድ ለምን እንደምታስቀምጥ ጠይቄያት፣ «ነገር ቢመጣ ማስረጃ ነው» ብላኛለች።

ወደ ሱቁ ልመለስ። በዚያ ቀን የአራት ሰው ምክር ሰምቼ ያደረግሁት አምስተኛውን ነው፤ ትልቁን ወርሃዊ ገዛሁ። ምክንያቴ የመርካቶ ምክንያት ነበር፤ በጅምላ ሲገዛ ይረክሳል። በእርግጥም ይረክሳል። የትልቁን ዋጋ ለደቂቃው ብታካፍሉት ከትንሹ በጣም ያንሳል። (ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም። ይህን እስክታነቡ ይለወጥና ውሸታም ታደርጉኛላችሁ።) ያልገባኝ ነገር፣ መርካቶ በኩንታል የተገዛ ሽንኩርትም ቤት ገብቶ ካልተበላ እንደሚበሰብስ ነው። ሽንኩርቱ እንኳ ሲበሰብስ ይሸታል፣ ታውቃለህ። ደቂቃ ሲበሰብስ ሽታ የለውም። አንድ መልእክት ብቻ ይመጣል፤ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይጀምራል። ውድ ደንበኛችን ብሎ የጀመረ መልእክት መልካም ዜና ይዞልኝ መጥቶ አያውቅም።

የወሩ መጨረሻ ሲደርስ የተረፈኝ ደቂቃ እንቅልፍ ነሣኝ። የከፈልኩበት ነገር ዝም ብዬ እያየሁት እንዴት ይጠፋል? ስልክ ማውጫዬን ከሀ ጀምሬ ወረድኩ። ስምንት ዓመት ላልደወልኩለት የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ደወልኩ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ፣ «ወንድሜ፣ ዘንድሮ እኮ እጅ በጣም አጥሮናል፣ ቤት ጀምሬ ቆሞብኛል» ብሎ ችግሩን ይዘረዝርልኝ ጀመር። ብድር ልጠይቀው የደወልኩ መስሎት አስቀድሞ በሩን መዝጋቱ ነው። ለምን እንደደወልኩ ሳልገልጽለት ተሰነባበትን። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ለአጎቴ ልጅ ደወልኩ። ሚስቱ አነሣችው። ድምፄን ስትሰማ፣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ ሰላም ልላችሁ ነው።»

«በዚህ ሰዓት?»

ባሏን ቀሰቀሰችው። እሱም ተነሥቶ፣ «ወንድ ልጅ ሁን፣ ንገረኝ፣ ማን ነው?» አለኝ። ጥቅሌ ሊያልቅ ሆኖ ነው ለማለት ድፍረት አጣሁ። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ለማረጋገጥ ቤታችን ድረስ መጡ።

ስለ ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ ከጥቅሉ ሁሉ ያስቸገረኝ ይሄ ነው። መልእክቱ በአማርኛ ነው የሚጻፈው፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን የፈረንጅ ነው። አንድ ጊዜ ጥቅሌ የሚያበቃው 10:40 ላይ ነው ይላል። እኔ የሰፈር ሰው ነኝ፤ 10 ሰዓት ከ40 ካለኝ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ማለት ነው። እንዲያውም ለጋስ ናቸው ብዬ አመሰገንኳቸው። ከእራት በኋላ ተመቻችቼ ተቀመጥኩና አዳማ ላለው ወንድሜ ደወልኩ። የኳሱን፣ የኑሮውን፣ የአባታችንን ቦታ ጉዳይ አንድ በአንድ አነሣን። ለካ የእነሱ 10:40 የእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40 ኖሯል። ጥቅሉ መሐል ላይ አልቆ፣ ወሬው ወደ ዋናው ሂሳብ ተሻግሮ፣ ለሌላ ጉዳይ የሞላሁትን ካርድ ሙልጭ አድርጎ በላው። የቦታው ጉዳይ ሳይወሰን ስልኩ ተቋረጠ። የየትኛው ኩባንያ ደንበኛ እንደሆንኩ አልናገርም፤ ጥፋቱም የሰዓት ቆጣሪው ይሁን የእኔ እስካሁን በቤታችን ያከራክራል። ወንድሜ ግን ሆን ብዬ የዘጋሁበት መስሎት ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።

ከዚህ በኋላ ነው ልጄ ጣልቃ የገባችው። ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ዳታ ስትገዛ የሌሊቱን ነው፤ ሰው ሲተኛ ርካሽ ስለሆነ ፊልሟንም ትምህርቷንም ሌሊት አውርዳ ቀን ትተኛለች። «አባዬ፣ አንተ እኮ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ሳታውቅ ነው የምትገዛው» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ይህን ከልጄ መስማት ቀላል አይደለም። ስልኬን ተቀበለችኝና የወሩን ጥሪ ሁሉ ወረቀት ላይ ደመረችው። ሰው ንስሐ የሚገባው ለካ እንዲህ ሲደመር ሲያይ ነው። እኔ ወሬኛ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል የማደርገው ሩጫ ተቀንሶ በወር የማወራው 90 ደቂቃ አይሞላም። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው «የት ደረስክ?»፣ «ደርሻለሁ»፣ «ዳቦ ይዘህ ና» ነው። ኢንተርኔቱ ግን ጉድ ነው። 1 ጊጋ 1,024 ሜጋ ነው፤ እኔ ሳላውቀው በቀን ብዙውን የምበላው ሰው በሚልክልኝ ቪዲዮ ነው። የጤና አዳም ጥቅም፣ የነጭ ሽንኩርት ጥቅም፣ ተኝቶ የሚያስነጥስ ድመት። ስልኬ የመጣውን ሁሉ በራሱ ያወርዳል። ያንን አጠፋችልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነጭ ሽንኩርት አዲስ ነገር አልሰማሁም፤ ጤንነቴም እንደነበረ ነው።

ከቪዲዮው የባሰች ግን እኅቴ ናት። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እሑድ እሑድ በዋትሳፕ ትደውላለች፤ ፊታችንን ማየት ትፈልጋለች። ፊታችንን ብቻም አይደለም፤ ግቢውን አዙረህ አሳየኝ፣ ዶሮዎቹን አሳየኝ፣ ሰማዩን አሳየኝ ትላለች። እኔ የሜጋውን ነገር እያሰብኩ ዶሮዋን ቶሎ ሳሳልፋት «ቀስ በል እንጂ፣ ነፃ እኮ ነው!» ትለኛለች። ለእሷ ነፃ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዷ ዶሮ በሂሳብ ነው የምታልፈው። ይህን ልነግራት አስብና፣ ሰማዩን እያየች ዝም ስትል፣ እተወዋለሁ።

ለእንዲህ ዓይነት ቤት ያልተገደበ የሚባል ጥቅል አለ። ልጄን «ይህን ለምን አንገዛም?» አልኳት። ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበችልኝ። ያልተገደበው ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ፍትሐዊ አጠቃቀም ይባላል። ሠርግ ቤት «ያሻችሁን ብሉ» ተብሎ ሦስተኛው እንጀራ ላይ ወጡ በማንኪያ ሲመጣ አስቡት። አልዋሹም፤ መብላት አልተከለከልክም።

ሌላም አለ። ሂሳብህ ሲያልቅ ስልኩ ራሱ «ብድር ይፈልጋሉ?» ይልሃል። ሱቁ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ» ተለጥፏል፤ እጅህ ላይ ያለው ስልክ ግን ሳትጠይቀው ያበድርሃል። ስትሞላ ከነአገልግሎት ክፍያው ቆርጦ ይወስዳል። ስለ አጭር መልእክቱ ጥቅል ብዙ አልልም፤ ዛሬ ሰው ሁሉ በቴሌግራም ስለሚጻጻፍ እንደተሰጠ ይጠፋል። እኔ ግን በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ገደማ ተዘግቶ እንደነበር ስለማስታውስ፣ መቶ መልእክት በነፃ ሲሰጠኝ አልንቀውም። ለበዓል ለሁሉም ሰው ተመሳሳዩን እልካለሁ።

አሁን ደግሞ ኩባንያው ሁለት ሆኗል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ጀምሮ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በ09 ብቻ የኖረው ሕዝብ በ07 የሚጀምር ስልክ አየ። መጀመሪያ ሰሞን በ07 ሲደወልልኝ አጭበርባሪ እየመሰለኝ አላነሣም ነበር። ካላነሣሁላቸው አንዱ የዕድራችን ጸሐፊ ነበሩ። አሁን እንደ ብዙ ሰው ሁለት ሲም ያለው ስልክ ይዣለሁ፤ በአንዱ አወራለሁ፣ በሌላው ኢንተርኔት እጠቀማለሁ። ሁለት ጎጆ ያለው ሰው ምን እንደሚመስል አሁን ገባኝ። አንዱ ዘንድ ስትሆን ሌላው ዘንድ ጊዜ ያልፋል።

የልጄን ምክር ሰማሁ። ለልኬ የተሰፋ ትንሽ ጥቅል መረጠችልኝ፤ ሱቅ ሳልሄድ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ በቴሌብር ከፈልኩ። 100 ደቂቃ፣ የሚበቃ ያህል ኢንተርኔት። ወሩ አልቆ ሲመረመር የተረፈኝ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። ልጄ ኮራች፤ እኔም ኮራሁ። በሁለተኛው ወርም እንዲሁ። ብክነት ጠፋ፤ ሩጫ ቀረ፤ በምሽት ሰው ማስደንገጥ ቀረ።

በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት አክስቴ ደወለች።

«አንተ ልጅ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ እታለም።»

«አልታመምክም?»

«ኧረ ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያ ያ ጎመንህ አለቀ ማለት ነው» አለችና ዘጋችው። ስልኩን አየሁት፤ 11 ሴኮንድ።

ቀን ቆጠርኩ። ሁለት ወር ከአሥር ቀን አልደወልኩላትም። ለልኬ በተሰፋው ጥቅል ውስጥ «ዳቦ ይዘህ ና» ገብቷል፣ «የት ደረስክ» ገብቷል፤ አክስቴ አልገባችም። በድምሩ ውስጥ አልነበረችማ! ልጄ የደመረችው የማደርገውን እንጂ ማድረግ ያለብኝን አልነበረም፤ ሂሳቡ ደግሞ አንዲት ስህተት አልነበረበትም።

በዚያኑ ዕለት ትልቁን ወርሃዊ ገዛሁ። ልጄ ራሷን እየነቀነቀች አየችኝ። ለአክስቴ ደወልኩና ያን ጊዜ የደበቅኳትን ሁሉ ተናዘዝኩ፤ ደቂቃ ሲተርፈኝ እንደሆነ የምደውልላት፣ አሁንም እንደሚተርፈኝ። ትቀየመኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ጊዜ አላባከነችም።

«ስንት ይተርፍሃል?»

«እንደ ወሩ ነው። ሰማንያም መቶም።»

«ይህን ሁሉ ለማን ስትጥል ኖርክ! ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ደውልልኝ፣ በቡና ሰዓት።»

ደወልኩላት። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቶቿ ሁሉ ተሰብስበው ነበር። መጀመሪያ እሷ ሰላም አለችኝና፣ «ቆይ፣ እዚህ አንዲት ሴት አለች፣ ልጇ እዚያ አዲስ አበባ ነው፣ አግኝተኸው እንደሆነ ትጠይቅሃለች» ብላ ስልኩን አቀበለች። ሴትየዋ ከማላውቀው ልጇ አንሥተው እስከ ላማቸው ድረስ አወሩኝ። ስልኩ ዞረ። አንድ ሽማግሌ የአያቴን ስም ጠርተው መረቁኝ፤ የመስኖ ውሃ ክፍያ ስንት እንደገባም ነገሩኝ። አንዲት ልጅ እንግሊዝኛዋን ሞከረችብኝ። ሦስተኛው ቡና ሲወርድ ስልኩ ወደ አክስቴ ተመለሰ።

«ስንት ቀረህ?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ።»

«ለአጎትህ ልጅ ደውልለት፤ ያን ጊዜ ሌሊት አስደንግጠኸዋል አሉ። በል ቻው።»

ማን ይወስደዋል ብላ ጠይቃኝ ነበር። አሁን እሷ ናት የምታከፋፍለው።

ይህን ስጽፍ ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ያለኝ 112 ደቂቃ ነው። ደብረ ሲና ያለው ቡና ነገ ነው፤ ከዚያ የሚተርፈውን በስልክ ማውጫዬ ቅደም ተከተል እደውላለሁ። እናንተም ቁጥራችሁ እኔ ዘንድ ካለ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ስልካችሁ ቢጮህ አንሡት፤ ማንም አልሞተም።